አንደኛው ሽፋን

ቪብከ የዶክትሬት ጽሑፏን ልትከላከል ዘጠኝ ቀን ሲቀራት፣ ከምሳ በኋላ ሃይኖ ወደ ወርክሾፑ ጠራት። ሃይኖ ብሬመን ባለው የምርምር ተቋም ውስጥ የመስታወት ክርና ሙጫ እየደራረበ ሠላሳ ዓመት የኖረ፣ ጡረታው የደረሰ ባለሙያ ነው። በአንድ እጁ ዓሣ የገባበት ዳቦ፣ በሌላው የልብስ ሰፊ ሜትር ይዟል።

«ነይ ዶክተርዬ፣ ጭንቅላትሽን ልለካ።»

«ገና ነኝ እኮ፤ አያሟርቱብኝ!»

«ለባርኔጣሽ የውስጥ ማሰሪያ ነው። ባልደረቦችሽ ለምርቃትሽ እያሠሩልሽ ነው። እንዳላየሽ ሁኚ፣ አለዚያ ይገድሉኛል።»

ሳቀች። ከሳቀች ቆይታ ነበር።

የቪብከ ሥራ ለነፋስ ተርባይን ክንፍ የታሰበ ስስና ጎባጣ ፓነል ነው። ስምንት ሽፋን አለው፤ ከስምንቱ አንዱ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ጥቁር ፊልም ነው። ፊልሙ ሲለጠጥ ኤሌክትሪኩን ለማሳለፍ ይቸገራል፣ ሲጨመቅ ይቀለዋል። ክንፉ ሲጨነቅ ቀድሞ የሚናገረው እሱ ነው። እሷ ደግሞ ምን ብሎ እንደሚናገር በኮምፒውተር አስቀድማ ታሰላለች።

ስሌቷ ግን ከልኬቱ ጋር አልታረቅ አለ። ይቸገራል ስትል ይቀለዋል፣ ይቀለዋል ስትል ይቸገራል። አንድ ዓመት ተኩል አለቀሰች። በመጨረሻ ከፊልሙ ቁጥር ፊት የመቀነስ ምልክት አኖረችና እንደ ነገሩ ታረቀ። ከዚያ ለምን እንደሆነ ሁለት መቶ ገጽ ጻፈች፤ ፊልሙ ከሽፋኖቹ መሐል ሲጋገር ጠባዩ ይገለበጣል አለች። አማካሪዋ ፕሮፌሰር ኤነን አመኗት፣ ሁለት ጉባኤ ላይ ተጨበጨበላት። ሰው ማመን ለፈለገው ነገር መቼ ምክንያት አጥቶ ያውቃል!

ሃይኖ ባርኔጣውን ከመደርደሪያ አወረደ። ድፍት ያለች ጎድጓዳ ሳህን ትመስላለች፤ አናቷ ላይ ትንሽ አምፖል አለች።

«የፓነልሽ ታናሽ እህት ናት። ያው ስምንት ሽፋን፣ ያው ፊልም። አናቷን ተጫኛት።»

ተጫነች። አምፖሏ ደመቀች። ቪብከ እጇን ሳታነሳ ቆየች። ባርኔጣዋ ስላልተቀባች ፊልሙ ከውጭው ፊት ሥር ጠቁሮ ይታያል፤ ከላይ ሲጫኑት ይጨመቃልና በእሷ ጽሑፍ መሠረት መደብዘዝ ነበረባት።

«ሃይኖ፣ ፊልሙን የት ነው ያስገቡት?»

«እንደ ፓነልሽ ነዋ፣ ሁለተኛው ላይ።»

«ከየት ሲቆጠር?»

«ከየት ይቆጠራል? ከቅርጽ ማውጫው! ጎድጓዳው ቅርጽ ማውጫ ውስጥ መጀመሪያ የተነጠፈው አንድ ነው፤ ሲወጣ እሱ የውጩ ይሆናል። ቤት ከጣሪያ ይጀመራል እንዴ?»

ቪብከና መሰሎቿ ኮምፒውተሩ ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ ይቆጥራሉ። ሃይኖና መሰሎቹ ከውጭ ወደ ውስጥ። እሷ «ሁለተኛ ሽፋን» የሚለውን ከእሱ ወረቀት ላይ እንዳለ ገልብጣ ነበር። ፓነሉ ሁለቱም ፊቱ ግራጫ የተቀባ ስለሆነ በዓይን አይለይም። አራት ዓመት በአንድ ካንቲን ሲበሉ አንዳቸውም አልጠየቁም።

ፎቅ ወጣች። የሽፋኖቹን ተራ ገለበጠች፣ የመቀነስ ምልክቷን አጠፋች፣ ስሌቱን አስነሳች። የስሌቱና የልኬቱ መስመሮች አንዱ በሌላው ላይ ተኙ። በአራት ዓመት እንዲህ ሲገጥሙ አይታ አታውቅም። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች።

ፕሮፌሰር ኤነን በበሩ ሲያልፉ ስክሪኑን አዩት።

«እንኳን ደስ አለሽ! እንዲህ ያማረ ነገር! ምን ለውጠሽ ነው?»

ነገረቻቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ታዲያ ከግኝቱ ምን ቀረን?»

«ተራ ፊልም ተራ ጠባይ አለው። ይህን ደግሞ ሁሉም ያውቃል።»

«ሌላ ሰው ሰምቷል?»

ጥያቄው የት ሊያደርስ እንደፈለገ ገባት። የሥራ ውሏ በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ ያለ ዶክትሬት ደግሞ ሕጉ ሌላ ውል አይፈቅድላትም።

«እኔ ሰምቻለሁ» አለች።

ደብዳቤውን እሳቸው ፊት ጻፈች፤ መከላከያው ይሰረዝ፣ በጉባኤዎቹ የታተሙትም ሁለት ጽሑፎች ይነሡ የሚል። ላከችው። ከዚያ ወደ ወርክሾፑ ወረደች።

«ባርኔጣውን ይተዉት፣ ሃይኖ። መከላከያው ቀርቷል።»

«ምን ሆነሽ? ማን ምን አለሽ?»

የሽፋኖቹን ተራ የጻፈባቸው ወረቀቶቹ እንደ ሁልጊዜው በንጹሕ እጅ ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። አየቻቸውና ምክንያቱን ዋጠችው።

«ስሌቴ ተሳስቶ ነው።»

ሃይኖ ባርኔጣውን አንሥቶ ጭንቅላቷ ላይ ደፋላት፤ አጽናናኋት ብሎ አናቷን ቀስ አድርጎ ተጫነ። አምፖሏ ደመቀች።

«አየሽ? ይቺ እንኳ አልተሳሳተችም» አላት።