የእትዬ ደስታነሽ ሳል

ሩሐማ ንፍሮ የተሞላ ሰሃን ይዛ ድንኳኑ መግቢያ ላይ ቆመች። የት እንደምትቀመጥ ጨንቋታል። ፍራሹ ላይ ዘመድ ይቀመጣል፤ አግዳሚው ላይ ጎረቤትና የእድር ሰው። ተከራይስ? ስለ ተከራይ ማንም አስቦበት አያውቅም። ዘመድ እንዳይባል ኪራይ ይከፍላል፤ እንግዳ እንዳይባል የሟች መድኃኒት የትኛው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ስለዚህ ከቀብር መልስ ጀምሮ ንፍሮ ስታዞር ዋለች። የሚያዞርን ሰው ለምን አልተቀመጥክም ብሎ የሚጠይቅ የለም።

«ነይ እዚህ፣ ኢንተላ ኮ» አሏት አደ ዘቢባ፣ ከፍራሹ ጫፍ ጠጋ ብለው ቦታ እየለቀቁላት። «ቁጭ በይ ልጄ። አንቺም እኮ ሰው ሞቶብሻል።»

አደ ዘቢባ የሟቿ የእትዬ ደስታነሽ አጥር ተጋሪ ናቸው። ሃይማኖታቸው ለየቅል ቢሆንም፣ ከትናንት ጀምሮ ሻይ እያፈሉ በፔርሙዝ የሚያመላልሱት እሳቸው ናቸው። ሩሐማ ጫፉ ላይ ተቀመጠች። ወዲያው ስድስት ዓመት ያልሞላት ኡርጂ በሰው ጉልበት መሃል ተሹለክልካ መጣችና ጭኗ ላይ ተደፋች።

«አክስቴ፣ እትዬ መቼ ነው የሚመጡት?»

«ቀስ በይ፣ የኔ ቆንጆ። ሰው እያለቀሰ ነው።»

ኡርጂ የሩሐማ የእህት ልጅ አይደለችም። ሩሐማ ጭራሽ እህት የላትም። ኡርጂ ከሆዷ የወጣች ልጇ ናት። «አክስቴ» የሚለውን ያስተማረቻት ራሷ ናት፤ ያስተማረቻትም ቤት ለማግኘት ብላ ነው።

ሁለት ዓመት አለፈው። ሩሐማ ነርስ ናት፤ ከሜጋ ወደ ነገሌ ተዛውራ ስትመጣ ስለ ሥራው እንጂ ስለ ቤት ብዙም አላሰበችም ነበር። ነገሌ ግን አዳዲስ ቢሮዎች ገብተውባት፣ ሠራተኛው በየመኪናው የሚራገፍባት ከተማ ሆና ቆየቻት። ትናንት የከብት በረት የነበረው ሁሉ ቆርቆሮ ተመትቶበት ይከራያል፤ ለሱም ወረፋ አለ። ደላላው ጃዋር በባጃጁ ከሰፈር ሰፈር አዞራት። በየበሩ ጥያቄው አንድ ነው፤ «ስንት ናችሁ? ልጅ አለ?» ልጅ አለ ስትል በሩ ይዘጋል። ልጅ ግድግዳ ይሞነጭራል፣ ልጅ ውኃ ይደፋል፣ ልጅ ያለቅሳል። አንዷ አከራይማ በግ የምትገዛ ይመስል ኡርጂን ዞር ዞር አድርጋ አይታ፣ «ይቺ ትሮጣለች» ብላ መለሰቻቸው። ያደሩበት አልጋ ቤት ደግሞ ለልጅ አይሆንም፤ ሰካራም በር እየተሳሳተ ሲያንኳኳ ልጅቷ በድንጋጤ እንቅልፍ አጥታለች።

«እህቴ፣ እውነት እየተናገርሽ ቤት አታገኚም» አላት ጃዋር በመጨረሻ። «አሁን የምወስድሽ ግቢ ንጹሕ ነው፣ ውኃ አለው፣ ሴትየዋም ብቻቸውን ናቸው። ብቻ የልጅ ነገር አይነሣባቸው። ልጅቷ ባጃጁ ውስጥ ትቆየኝ።»

ኡርጂ ብስኩት ተሰጥቷት ባጃጅ ውስጥ ቀረች። እትዬ ደስታነሽ በሩን ገርበብ አድርገው ሩሐማን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ነጠላቸው የማይዛነፍ ሴት ነበሩ። ባላቸው አቶ ሸዋንግዛው በመንግሥት ሥራ ተመድበው ከሰሜን ይዘዋቸው መጡ፤ ባልየው ሲሞቱ ሴትየዋ ያለ ልጅ እዚሁ ቀሩ።

«ልጅ አለሽ?» አሏት።

«የለኝም እትዬ። ብቻዬን ነኝ።»

አፏን ሞልታ ነው የተናገረችው። ቁልፉን ተቀብላ ወደ ባጃጁ ስትመለስ ግን ኡርጂ ብስኩቷን ግማሹን አስቀርታላት ስታገኛት፣ ፊቷን ወዴት እንደምታዞር ጠፋት።

ልጅቷን ሜጋ እናቷ ዘንድ ላከቻት። ወር ሳይሞላ ናፍቆት ሲያንገበግባት «እህቴ ታማብኝ ነው» ብላ መልሳ አመጣቻት። የኡርጂ አባት እንደሆነ ሞያሌን ከተሻገረ ወዲህ ድምፁም የለ። እትዬ ደስታነሽ ልጅቷን አዩ፣ ሩሐማን አዩ፣ «እህትሽን እግዜር ይማርልሽ» ብለው ገቡ። ከዚያ ወዲያ ለእናትና ልጅ ሕግ ወጣ። ክፍላቸው ውስጥ፣ በሹክሹክታ፣ «እማዬ»። ደጅ ሲወጡና እትዬ ሲመጡ «አክስቴ»። ኡርጂ ቶሎ ለመደችው። እናቷ ግን ልትለምደው አልቻለችም። ልጅቷ ግቢው መሃል ወድቃ፣ ጉልበቷ ተልጦ፣ እያለቀሰች «አክስቴ» ብላ የጠራቻት ቀን ሩሐማ ቁስሉን እያጠበች አብራ አለቀሰች።

ድንኳኑ እየሞቀ ሲሄድ ወሬው ወደ ቤቱ ማዘንበሉ አልቀረም። የእትዬ ደስታነሽ ወራሽ አንድ የወንድማቸው ልጅ ነው፤ ቢረሳው ይባላል፣ ሐዋሳ ይነግዳል፣ መንገድ ላይ ነው።

«ይሸጠዋል» አለ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ምን በወጣው፣ ለቢሮ ያከራየዋል እንጂ» አለ ሌላው።

ጃዋርም ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ፣ ንፍሮውን እየቆረጠመ ዓይኑን ዋናው ቤት ቆርቆሮ ላይ ሲያንከራትት ቆየ። ሲወጣ ወደ ሩሐማ ጎንበስ አለ። «ክፍሉን የምትለቂ ከሆነ ቀድመሽ ንገሪኝ። ወረፋ የያዙ ሰዎች አሉኝ» አላት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እንጀራው ነው። ሩሐማ ግን የታያት ሌላ ነው። እንደገና በየበሩ መቆም፣ እንደገና ያ ጥያቄ።

«እትዬ ልጅ አይወዱም ነበር፣ አይደል?» አለች ለአደ ዘቢባ። ለምን እንደጠየቀች ራሷም አላወቀችም።

አደ ዘቢባ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ደስታነሽ? ልጅ የማትወድ?» አሉ። «ከአንቺ በፊት እዚያ ክፍል የአስተማሪ ቤተሰብ ነበር። ባስልዮስ የሚባል ልጅ ነበራቸው። ሲበላ እሷ ጋ፣ ሲተኛ እሷ ጋ። ዳዴ ሲል ጀምሮ እሷ ናት ያሳደገችው። አንድ ቀን አባትየው ዝውውር መጣለት። ጠዋት ዕቃውን አይሱዙ ላይ ጫኑ፣ ልጁን ጋቢና አስቀመጡ፣ ሄዱ። ደስታነሽ ሳምንት ሙሉ ከአልጋ አልወረደችም። ልጅ ያለው ተከራይ አላስገባም ያለችው ከዚያ በኋላ ነው። ጠልታ አይደለም። ተከራይ ይሄዳላ። ልጁን ይዞ ይሄዳል።»

ሩሐማ ግራ ተጋባች። እሷ የምታውቃቸው እትዬ ደስታነሽ እኮ ልጅቷን አንድ ቀን አቅፈው አያውቁም። ማታ ማታ በር ላይ ቆመው «የእህትሽ ልጅ በላች?» ብለው ጠይቀው ይመለሱ ነበር፤ ያንኑ ጥያቄ በየቀኑ።

ሲመጡ ደግሞ ይስላሉ። ከቤታቸው ሲወጡ አንዴ፣ ግቢው መሃል አንዴ፣ በሩ ጋ ሲደርሱ ጠንከር አድርገው። ሳሉ ሲሰማ ኡርጂ ከእናቷ ጭን ትወርዳለች፣ «እማዬ» ተብሎ የተጀመረው ወሬ በ«አክስቴ» ያልቃል። ሩሐማ እንደ ነርስነቷ ሳሉ አሳሰባት። ደረታቸውን አዳመጠች፤ ንጹሕ ነው። አክታቸውን አስመረመረች፤ ምንም የለም። የሳል ሽሮፕ አመጣችላቸው።

«ጠዋትና ማታ አንዳንድ ማንኪያ፣ እትዬ። እንዳይረሱ።»

«እሺ ልጄ» አሉ፣ እንደ ተማሪ።

ሳሉ አልተወም። ሁለተኛ ጠርሙስ አመጣች። ስንቱን ታካሚ ያዳነች ነርስ በዚህ ሳል ተሸነፈች። የወሰዳቸውም ሳል አይደለም፤ እሷ ጤና ጣቢያ ተረኛ በነበረችበት ቀን ደም ግፊታቸው ተነሥቶ ነው። እቤት ብኖር ኖሮ የሚለው ሐሳብ ከቀብሩ ጀምሮ አልለቀቃትም።

ቢረሳው በማግስቱ ረፋዱ ላይ ደረሰ። መንገዱ ርቆበት ለቀብሩ አልበቃም። ከበሩ ጀምሮ ደረቱን እየመታ፣ «አክስቴን፣ ኧረ አክስቴን» እያለ ገባ። ትልቅ ሰው፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቅ ያሳዝን ነበር። ሩሐማ ቃሉን ከሚገባው ሰው አፍ ስትሰማው አንገቷን ደፋች።

አልቅሶ ሲወጣለት ሰዎች ምግብ አስቀመሱት። ከሰዓት በኋላ ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ቧንቧውን ከፍቶ ዘጋ፣ ከእትዬ መኝታ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራውን የሩሐማን ክፍል ከውጭ ተመለከተ። ወደ ድንኳኑ ተመልሶ ሲቀመጥ ዓይኑ ኡርጂ ላይ ዐረፈ።

«ይቺ ልጅ የማን ናት?» አለ። «አክስቴ ልጅ ያለው ተከራይ አታስገባም ነበር እኮ። ገመድ ላይ የልጅ ልብስ አየሁ።»

ሩሐማ አፏን ከመክፈቷ በፊት ድንኳኑ መለሰላት።

«የእህቷ ልጅ ናት» አለች አጠገቧ ያለች ሴት ፈጠን ብላ።

«እህቷ ታማባት ነው» አለች ሌላዋ።

«ለጊዜው ነው፤ ትመለሳለች» አሉ የእድሩ ጸሐፊ ከአግዳሚው።

«ዱጋ ነው፣ እውነታቸውን ነው» አሉ አደ ዘቢባ፣ ሊምሉ ምንም አልቀራቸውም።

ሩሐማ ደነገጠች። እህቴ ታማለች ያለችው ለእትዬ ደስታነሽ ብቻ ነው። ሰው የማያውቀውን ነገር እንዲህ ተሽቀዳድሞ አይመሰክርም። እንዲህ የሚቻኮለው የሚሸፍነውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ዝም ብትል ክፍሉ ይተርፍላት ይሆናል። ምስክሩ ሞልቷል፤ እሷ መዋሸት እንኳ አይጠበቅባትም፣ ራሷን መነቅነቅ ብቻ ነው። ኡርጂ ግን ቀና ብላ እያየቻት ነበር። ሕጉን አልረሳችም፤ ሰው ፊት ስለሆኑ ለ«አክስቴ» ተዘጋጅታለች። ሩሐማ በቃኝ አለች፣ በልቧ።

«የእህቴ ልጅ አይደለችም» አለች። «እህት የለኝም። የኔ ልጅ ናት። እትዬን ዋሽቼ ነው የገባሁት። ይቅር በሉኝ ሳልላቸው ሞቱብኝ።»

ሩሐማ ሙሾ አታውቅም፤ ያደገችበት ቤተ ክርስቲያን በኀዘን ይዘመራል እንጂ ደረት አይደቃም። ዝም ብላ እንባዋን አወረደችው። አደ ዘቢባ ጀርባዋን ያዙላት።

«ታውቅ ነበር እኮ» አሏት።

«ማን?»

«ደስታነሽ ናታ። ልጅቷ በመጣች በሳምንቷ ትኩሳት ይዟት እማዬ፣ እማዬ ስትል በግድግዳው ሰምታለች። በነጋታው እኔ ቤት መጣች። ዋሽታኛለች ዘቢባ፣ ልጅቷ ልጇ ናት አለችኝ። እና አስወጫታ አልኳት። ጨሊሲ! ዝም በይ ብላ ተቆጣችኝ። ማወቄን ካወቀች አፍራ ትሄዳለች፣ በዚህ ከተማ ልጅ ይዛ የት ቤት ታገኛለች አለች። ከዚያ ሰፈሩን በሙሉ ቤት ለቤት ዞራ አፉን አስያዘችው። ባለ ሱቁንም፣ እሳቸውንም።» የእድሩን ጸሐፊ በአገጫቸው አመለከቱ። ጸሐፊው መሬት መሬት አዩ።

«ሳላቸውስ?» አለች ሩሐማ።

«የምን ሳል? እናንተ ጋ ስትመጣ ካልሆነ ስላ አታውቅም። ድንገት ብገባባቸው ይደነግጣሉ ትል ነበር። ሽሮፑን ባመጣሽላት ጊዜ ምን ላድርገው፣ አስባልኝ እኮ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ጠጪዋ አልኳት። ጠጣችው።»

ከሴቶቹ መሃል የታፈነ ሳቅ አመለጠ፤ ሳይቆይ ወደ ለቅሶ ተመለሰ። ሩሐማም ሳቀች፣ አለቀሰችም። ሁለት ጠርሙስ መራራ ሽሮፕ፣ ያለ በሽታ።

ቢረሳው ጋቢውን ፊቱ ላይ ጎትቶ ቆየና ገለጥ አደረገው። «እኔም አልዋሽሽም፣ እህቴ» አለ። «ቤቱን መሸጤ አይቀርም። ሐዋሳ ተቀምጬ የነገሌ ቤት መጠበቅ አልችልም። ግን ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ማንም አያስወጣሽም። የሚገዛውም ሰው ልጅ እንዳለች አውቆ ይገዛል።»

ሠልስቱ እንዳለፈ እድርተኞቹ ድንኳኑን አፈረሱ። አግዳሚው ተጫነ፣ ፍራሹ ለየባለቤቱ ተመለሰ፣ ግቢው ድንገት ሰፋ። ሩሐማ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ኡርጂ አቧራው ላይ ስትጫወት አየቻት። ክረምት ሲገባ ቤት ፍለጋ ትወጣለች። የዚያን ጊዜ ልጅቷ ባጃጅ ውስጥ አትቀርም፤ እጇን ይዛ በየበሩ ትቆማለች፣ የሚዘጋው ይዘጋ።

«ኡርጂ» አለቻት።

«አቤት አክስቴ።»

«ከዛሬ ጀምሮ ደጅም እማዬ በይኝ።»

ኡርጂ ዞር ብላ የእትዬን መስኮት አየች። ተዘግቷል። ሳሉን እንደምትጠብቅ ጆሮዋን ሰጥታ ቆየች፣ ከዚያ ወደ እናቷ ተጠጋች።

«እትዬ ይሰሙናል» አለች በሹክሹክታ።

ሩሐማ ተነሣች። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ወደተዘጋው መስኮት ሄዳ፣ የእንጨት መዝጊያውን ግድግዳ እስኪነካ ድረስ ወለል አድርጋ ከፈተችው። ተመልሳም ግቢው መሃል ቆመች።

«በይ አሁን ጥሪኝ» አለቻት።