ወንበሩ ላይ የቀረው ምስል

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ ከቤት ጠፍተው ነበር። ሁለቴም ያገኘናቸው የባሕሩ ግድብ ላይ፣ ወደ ድሮ መንደራቸው ሲሄዱ ነው። መንደሩን ውሃ ከበላው አስራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ እሳቸው ግን ረስተውታል። በር ቆልፈንባቸው ጎረቤት ቢሰማ ምን ፊት ይዤ እወጣለሁ? ስለዚህ ባለቤቴ ባስኮሮ ክፍላቸው ውስጥ ካሜራ ሰቀለ።

ባስኮሮ ሳሎኑን ሲኒማ ቤት ካደረገው ቆይቷል። ግድግዳውን የሚሞላ ትልቅ ስክሪን፣ ከጎኑ ሁለት ትንንሾች፣ አንድ ደግሞ ወጥ ቤት። ሁሉንም የሚያዘው ፕሮሰሰር የሚሉት ጥቁር ሳጥን ነው፤ የቱ ምስል የቱ ስክሪን ላይ እንደሚወጣ የሚወስነው እሱ ነው። ካሜራውን ከዚያ ጋር ለማገናኘት ሐሙስ ከሰዓት ባለሙያው ፓክ ዊግኞ መጡ። በከተማችን በሰማራንግ ባስኮሮ ለዚህ ሥራ ከእሳቸው ሌላ አያምንም።

ፓክ ዊግኞ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ላፕቶፓቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ስክሪኖቹን አንድ በአንድ አስተካከሉ። አማቴ ወጥ ቤቱ ስክሪን ላይ ብቅ አሉ፤ መስኮቱ አጠገብ፣ የቀርከሃ ወንበራቸው ላይ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ ፓክ ዊግኞ። «ምስሉ ድንገት ቢቋረጥ ምን ይታይ? ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ወይስ የመጨረሻው ምስል እንዳለ ይቆይ?»

«የመጨረሻው ይቆይ» አለ ባስኮሮ። «እንግዳ ፊልም እያየ ሰማያዊ ነገር ሲደነቀርበት ደስ አይልም።»

«ካሜራውስ?» አልኩ።

«ቅንብሩ ለሁሉም አንድ ነው፣ ቡ ወኒንግ» አሉኝ ፓክ ዊግኞ።

«ጥቁር ቢሆን አይሻልም? ሲቋረጥ እንዳውቀው።»

ባስኮሮ ሳቀ። «አይስሟት፣ ፓክ። ሰማዩ ጠርቶ እያየች ልብስ ከገመድ ላይ የምትሰበስብ ሴት ናት።»

«ልብሳችሁ ታዲያ በስብሶ አያውቅም» አሉ ፓክ ዊግኞ።

«ደርቆም አያውቅም» አለ ባስኮሮ። «ይልቅ ፕሮሰሰሩ የራሱ ባትሪ አለው፣ መብራት ቢሄድም አይጠፋም። ምንድነው የሚያስጨንቅሽ?»

ፓክ ዊግኞ የሙዝ ጥብስ እያኘኩ ነበር። በእንግዳ ፊት ከባሌ ጋር መከራከር አልወደድኩም።

በቤታችን የመግሪብ አዛን፣ የምሽቱ የሶላት ጥሪ፣ ሲሰማ ስክሪን በሙሉ ይጠፋል። የባስኮሮ አባት ያወጡት ደንብ ነው። ግድግዳው ላይ ያለችው ማጥፊያ ትወርዳለች፤ ሰግደን ስናበቃ ትነሳለች። ካሜራውም መብራት የሚያገኘው ከእሷው ነው። ፓክ ዊግኞ ክርስቲያን ናቸው፤ ይህን መንገር ለማናችንም አልታወሰንም።

ቅዳሜ አዛን ሲል ልጄ ኪናንቲ ማጥፊያዋን አወረደቻት። ሰገድን። መልሳ አነሳቻት። ወጥ ቤት ገብቼ ቀና ስል አማቴ ስክሪኑ ላይ፣ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ሩዙን ጣድኩ፤ የአኩሪ አተሩን ቴምፔ መጥበስ ጀመርኩ። በየደቂቃው አያቸዋለሁ፤ አልተንቀሳቀሱም። እንቅልፍ ወስዷቸው ይሆናል አልኩ። ቀጥዬ ሞተው ይሆን አልኩ፤ ሐሳቤ ሁልጊዜ የሚሮጠው ወደዚያ ስለሆነ ራሴን ገሰጽኩ።

ኪናንቲ ከኋላዬ መጥታ ስክሪኑን አየች።

«እማ፣ አያቴ ክፍል እስካሁን አልመሸም እንዴ?»

ከአማቴ ጀርባ ያለው መስኮት የአመሻሽ ብርሃን ሞልቶበታል። የወጥ ቤቱ መስኮት ግን ጨልሟል።

ስደርስ ክፍሉ ባዶ ነበር፤ የጓሮው በር ተከፍቷል። ካሜራው መብራት ሲመለስለት አብሮ አልተመለሰም ነበር፤ ስክሪኑ ላይ የቆየው ከመጥፋቱ በፊት የነበረው የመጨረሻ ምስል ነው።

ኪናንቲን ጎረቤት አስገብቼ ከባስኮሮ ጋር ወደ ግድቡ ሮጥን። ያን ቀን ባሕሩ ሞልቶ የመንገዳችን ጫፍ ደርሷል። ጫማቸውን ያየሁት እኔ ነኝ። ውሃው ዳር ጎን ለጎን ተስተካክሎ ተቀምጧል፣ ሰው ቤት ሲገባ በር ላይ እንደሚያወልቀው። ባስኮሮ የእጅ ባትሪውን አዞረ። እስከ ወገባቸው ገብተው ቆመዋል።

«ኢቡ፣ እናቴ፣ ይውጡ። እኔ ነኝ፣ ባስኮሮ።»

አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ አፈገፈጉ። «አላውቅህም። ባስኮሮ ገና ትንሽ ልጅ ነው።»

«አትጠጋቸው» አልኩት። ትንሽ አለፍ ብሎ መሬቱ ድንገት እንደሚጎደጉድ ሁለታችንም እናውቃለን።

እኔን ሲያዩ ፊታቸው ፈታ አለ። «ግቢ እንጂ፣ ምን ውጭ ያቆምሻል? ሻይ ላፍላልሽ።»

ጫማዬን አውልቄ ከጫማቸው አጠገብ አስቀመጥኩና ገባሁ። ውሃው ለብ ያለ ነው፤ ከታች ግን እግሬን ወደ ባሕሩ ይጎትተዋል። ብይዛቸውና ቢታገሉኝ ሁለታችንም መሄዳችን ነው። አጠገባቸው ትንሽ ቆምኩ።

«ብዙ ተጫወትኩ፣ ኢቡ፤ ልሂድ» አልኩ። «እስከ በር አይሸኙኝም?»

አማቴ በሕይወታቸው እንግዳ ሳይሸኙ ቀርተው አያውቁም። «እንዴታ» ብለው ክንዴን ያዙ። «ሻዩን እንኳ ሳትቀምሺ?»

«ሌላ ቀን እመጣለሁ።»

በዝግታ ወጣን። ጫማው ጋ ስንደርስ ቆሙ። «ከዚህ አላልፍም፤ ቤቱ ሰው የለውም» አሉና ወደ ውሃው ዞሩ። ባስኮሮ ያኔ አቅፎ አነሳቸውና አዘላቸው። አልጮሁም። እስከ ቤት ድረስ ትከሻውን በቡጢ መቱት።

«ልጄ ሲመጣ ይህን ሁሉ እነግረዋለሁ» አሉት።

«እሺ» አለ ባስኮሮ። «ይንገሩት።»