ሙሽራዋ ጉልበት ስማ ያለችው

ሸዋነሽ ጆሮዋ ከደነቆረ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ትኩሳት ነው የወሰደባት። ምላሷን ግን አልነካባትም፤ እንዲያውም የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ፣ ሹክ ስትል እንኳ የሚዛን ከተማ ግማሹ ይሰማታል። የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናትና ጽሑፍ አይቸግራትም፤ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ቀስ ብሎ ካወራትም ከንፈሩን ታነባለች። ችግሩ፣ ቀስ ብሎ የሚያወራ ሰው ከየት ይምጣ?

ልጇ ህሊና ወደ ቴፒ የተዳረች ቀን ነው ጉዱ የመጣው። በመውጫው ሰዓት ህሊና ዝቅ ብላ የእናቷን ጉልበት ሳመችና አንድ ነገር ተናገረች። እንባዋ በዓይነ ርግቡ ሥር ይታያል፤ ከንፈሯ ግን አልለይ አለ። ሸዋነሽ ምን ታድርግ? እናት በዚያ ሰዓት የምትለውን አለች።

«ቻይው ልጄ። ትዳር መቻል ነው።»

ሙሽራዋ ቀና ብላ አየቻት፣ መኪና ውስጥ ገባች፣ ጥሩምባው ተነፋ፣ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ሸዋነሽ ምግብ አልወርድ አላት። «አልሄድም እማዬ፣ አስቀሪኝ» ብላኝ ቢሆንስ? እኔ አፌን ሞልቼ ቻይው ብዬ ሸኘኋት ማለት አይደል? አጠገቧ ተቀምጦ የነበረውን ወንድሟን ኃይለጊዮርጊስን ጠየቀችው። «ምንም አይደል፣ በኋላ እነግርሻለሁ» አላት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁሉም የሚነግራት በኋላ ነው። ለህሊና በስልክ «ያን ቀን ምን አልሽኝ?» ብላ ጻፈችላት። «ተይው እማ» የሚል መልስ መጣ፣ ከአበባ ጋር። አበባ ደግሞ መልስ ነው እንዴ?

በማግስቱ ሠርጉን የቀረጸው ይትባረክ ስቱዲዮ ሄደች።

«ቪዲዮው ላይ የሚባለውን ሁሉ ከሥር ከሥሩ ጻፍልኝ» አለችው።

ይትባረክ በሥራ ዘመኑ ቪዲዮ ላይ የጻፈው ነገር ቢኖር «እንኳን ደስ አላችሁ» ነው። «እትዬ፣ ጽሑፍ ምስሉን ያበላሸዋል» አላት፣ ከንፈሩን እንድታነብ አፉን እየከፈተ።

«ይበላሽ። እኔን ያበላሸኝ አለማወቄ ነው።»

«ሁሉንም ልጻፍ?»

«ሁሉንም። መርጠህ ከጻፍክልኝ ከወንድሜ በምን ተሻልክ?»

ይትባረክ ሁሉንም ካሉት ሁሉንም የሚሠራ ሰው ነው፤ ጥፋቱም ይኸው ነው። አንዷን ማይክ ሙሽራው ደረት ላይ ሰክቷት ነበር፤ ሌላዋን ደግሞ ለምርቃቱ ብሎ የቤተሰቡ ጠረጴዛ ላይ አበባ መሃል ደብቋታል። ሁለቱ የለቀሙትን ቃል በሙሉ፣ ማን እንዳለው ጭምር፣ ሁለት ሳምንት ቁጭ ብሎ ጻፈው።

ቪዲዮው ሲደርስ ሙሽሮቹ ከቴፒ መጡ፣ ዘመድ ተሰበሰበ። በድምፁ ላይ ዘፈን ተጭኖበታል። ስለዚህ ጆሮ ያለውም የሌለውም እኩል ሆነ፤ ምን እንደተባለ የሚታወቀው ከሥር በሚመጣው ጽሑፍ ብቻ ነው። ሸዋነሽ ደግሞ የመጣውን ሁሉ ጮክ ብላ ታነባለች።

«ኃይለጊዮርጊስ፦ ቶሎ መርቄ ልቀመጥ፣ ጥሬ ሥጋው እያለቀ ነው።»

ኃይለጊዮርጊስን ሳል ያዘው። ጽሑፉ ግን ቀጠለ፤ አሁን የሚስቱ የእታገኝ ተራ ነው።

«እታገኝ፦ ሸዋነሽ ይህን ቀሚስ ከማን ተዋሰችው?»

«ኃይለጊዮርጊስ፦ ቀስ በይ እንጂ።»

«እታገኝ፦ ምን ቸገረህ፣ አትሰማም።»

ሸዋነሽ ይህንንም በሙሉ ድምጿ አነበበችና ዞር አለች። «የራሴ ነው። ጅማ ነው ያሰፋሁት» አለቻት። እታገኝ ወጡን ልየው ብላ ወደ ጓዳ ገባች። በዚያ ቀን ወጥ አልተሠራም።

«ኧረ ይበቃናል፣ ይዘጋ» አለ ኃይለጊዮርጊስ።

«ለምን ይዘጋል?» አለ የሙሽራው አባት አለሙ። አፍ መፍቻ ቋንቋው ሸኮኛ ነው። «የእናንተ አማርኛ ይፈጥንብኛል። ዛሬ ገና ወሬያችሁ ገባኝ።»

መውጫው ደረሰ። ሸዋነሽ ጮክ ብላ ማንበቧን አቆመች። ልጄን እያለቀሰች ገፍቻት ከሆነ ምን ይውጠኛል ብላ የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠች። ቴሌቪዥኑ ላይ ህሊና ዝቅ አለች።

«ህሊና፦ እማዬ፣ ይሄ ጫማ ሊገድለኝ ነው። ላውልቀው?»

«ሸዋነሽ፦ ቻይው ልጄ። ትዳር መቻል ነው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አለሙ እንባውን ጠረገ። ሙሽራው ዳንኤል «እስከ ቴፒ ድረስ አላወለቀችም እኮ፣ እናቴ ቻይው ብላኛለች እያለች» ይላል፤ የሚሰማው ግን የለም። ሸዋነሽ አልሳቀችም። ገና አንድ መስመር ቀርቷል።

«ህሊና፦ እሺ እማዬ። አንቺ ስንቱን ችለሻል፣ እኔን አንድ ጫማ አያቅተኝም።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ ድምፅ ሳታወጣ። ከዚያ አጠገቧ የተቀመጠችውን ልጇን እግር አንስታ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ ጭኗ ላይ አሳረፈችው። ተረከዙ ላይ ቁስሉ ሽሮ ጠባሳው ጠቁሯል። በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«ከእንግዲህ ቻይው ስልሽ፣ መጀመሪያ ሰምተሽኛል ወይ ብለሽ ጠይቂኝ» አለች፣ እስከ ጎረቤት በሚሰማ ድምፅ።