በሃምሳው ጾም የለም

«ይህ እኮ የፈረንጅ በሽታ ነው» አሏት። እስከዳር ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ልታጠና ያሰበችው፣ ምግብ አጥተው ሳይሆን ምግብ ፈርተው ስለሚከሱ ልጃገረዶች ነበር። መምህራኑ ሳቁባት። አንደኛው ግን ሳይስቅ ጠየቃት፦ «አገሩ ሁሉ በሚጾምበት፣ ጿሚዋን ከታማሚዋ በምን ትለያለሽ?» ጥያቄውን እንደያዘች ለፋሲካ ወደ ቤተሰቦቿ፣ ወደ ሮብ ገበያ ከተማ ወጣች።

ቤት ስትገባ ታናሽ እህቷን ዘመናይን አየችና ክው አለች። ልጅቱ አጥንቷ ብቻ ቀርቷል። ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ጀምራ ትጾማለች አሉ። ጎረቤቱ «የተመረጠች፣ ጸልዪልን» ይላታል። አባቷ አቶ ቢተውማ ደረታቸውን ነፍተው በየሄዱበት ያወሯታል። የንስሐ አባታቸው አባ ወልደ ሰንበት ሳይቀሩ በደጀ ሰላም ለሌሎች ልጆች ምሳሌ አድርገዋታል። አይ ሰው! ልጅ ዓይኑ ሥር እያለቀች እሱ ያመሰግናል።

የፋሲካ ዕለት ረፋዱ ላይ አባ ማዕዱን ባረኩ። ዶሮው ቀረበ፤ ሁሉም እጁን ሰደደ። ዘመናይ ግን «እኔ ጾሜን አልጨረስሁም» ብላ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች።

«ተዉአት፤ የእሷ ነገር ከእግዜር ጋር ነው» አሉ አቶ ቢተው።

እስከዳር ብልጭ አለላት።

«አባ፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሃምሳ ቀን መጾም ይፈቀዳል?»

«ኧረ ወዲያ! በሃምሳው ጾምም ስግደትም የለም። ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል።»

«ታዲያ የዘመናይ ጾም የማን ነው?»

አባ ያነሱትን ጉርሻ መለሱ። አቶ ቢተው ቱግ አሉ። «አንቺ! በዓመት በዓል ለእህትሽ ክፉ ስም ልታወጪላት ነው የመጣሽ?»

«በሽታ ነው አባዬ። ቢቆጡም፣ ቢረግሙኝም ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ።»

«ጾም አይደለም» አለች ዘመናይ። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን ሁሉም ሰማው። «ይርበኛል። ሁልጊዜ ይርበኛል። ልጎርስ ስል ግን ፍርሃት ጉሮሮዬን ያንቀኛል። ጾም ነው ስትሉኝ ዝም አልሁ።»

አቶ ቢተው ወደ ልጃቸው ጠጋ አሉ። አባ ወልደ ሰንበት፣ «በደጀ ሰላም ያልሁትን እዚያው ቆሜ አነሳዋለሁ» አሉ። «ትሂድ። ጠበሉም ቢሆን ሐኪም አይከለክልም።»

በማግስቱ እህትማማቾቹ በሚኒባስ ወደ ደብረ ማርቆስ ወረዱ። እስከዳር መንገዱን ሙሉ ስለ ጥናቷ አወራች። ልጆቹን በጾም ምን እንደሚበሉ ሳይሆን በሃምሳው ምን እንደሚበሉ ትጠይቃለች። የንስሐ አባቶችንም ምልክቱን ታስተምራለች፤ ከሐኪም ቀድመው የሚያዩት እነሱ ናቸውና። ከዚያ ድምፅዋ ቀዘቀዘ። «መምህራኑ ግን በሽታው በእኛ አገር የለም ብለው ጥናቱን ዘግተውታል።»

ዘመናይ የእህቷን እጅ በቀጫጭን ጣቶቿ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«መምህራኑ ዘንድ ይዘሽኝ ግቢ» አለቻት። «እስቲ እኔን እያዩ የለም ይበሉ!»