ከአንጓ እስከ መስመር

ሰውየው መለካት ልማድ ሳይሆን በሽታ ሆኖበታል። ልብስ ሰፊ ስለሆነ ነው እንዳይባል፣ ልብስ ሰፊ ሁሉ እንደሱ አይደለም። አዲስ ወንበር ቤት ከገባ ይለካል፤ ዳቦ ይለካል። አንድ ጊዜማ ሊጠይቋቸው የመጡ የሚስቱ አክስት ወንበር ላይ እንቅልፍ ሲጥላቸው ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ለክቶ ደብተሩ ላይ አስፍሯቸዋል። "ምን ይሠራልሃል?" ሲሉት፣ "ማን ያውቃል" ነው መልሱ። ሜትሩ ከአንገቱ ስለማይወርድ ሰፈርተኛው ስሙን ትቶ ጋሽ ሜትር ብሎታል።

ሚስቱም የራሷን አላጣችም። የሷ ንጽሕና ነው። የበር እጀታ ታጥባለች፣ የመብራት ማብሪያ ትወለውላለች። ሳሙናንም ከመጠቀሟ በፊት ታጥባለች እያሉ ያሟታል፤ ይሄ እንኳ ውሸት ነው፣ ማሸጊያውን ብቻ ነው የምትወለውለው። እትዬ ሳሙና ይሏታል። ይበሏት እንጂ፣ በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር እሷ ቤት በልቶ ሆዱን የታመመ ሰው የለም። እሷም ይህን ታውቃለች፤ ስታውቅ ደግሞ ትንሽ ትኮራለች።

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ነው። ጋሽ ሜትር የተማሪዎች ዩኒፎርም ሲሰፋ፣ ጨርቁ ላይ ሰክቶ የረሳው መርፌ የቀኝ እጁን ሌባ ጣት ወጋው። ደሙን መጠጥ አድርጎ ተፋና ቀጠለ። ሠላሳ ዓመት የሰፋ ሰው መርፌ ላልወጋው ቀን ነው የሚደነቀው። ማክሰኞ ጣቱ ቀላ፣ ረቡዕ አበጠ። ሐሙስ እጁን ጨርቅ ሥር ሸጉጦ መዋል ጀመረ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ተረቱን እሱም ያውቀዋል፣ ግን ለሌላ ሰው ነው የሚተርተው።

እትዬ ሳሙና የውኃ ብርጭቆውን በግራ እጁ ሲያነሳ አየችው።

"ቀኝህ ምን ሆነ?"

"ምን ይሆናል፤ ትንሽ ይረፍ ብዬ ነው።"

"ሃያ ሁለት ዓመት ሳያርፍ ዛሬ እረፍት አማረው? አምጣው ወዲህ።"

ጨርቁን ገለጠችው። ጣቱ ተነፍቶ ያብረቀርቃል፤ ቅላቱ የእጁን አንጓ አልፎ ክንዱ ላይ ወጥቷል፤ ስትነካው ይፋጃል። ኮቱን ከመስቀያው አውርዳ ትከሻው ላይ ጣለችለት።

ጤና ጣቢያ የተቀበለቻቸው ነርስ በዕድሜ ከልጃቸው ብዙ አትበልጥም። ሁሉም ሲስተር ነው የሚላት። እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና ታጠበች። እየታጠበች የጋዋኗ እጅጌ ተንሸራቶ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ትጠቀልለዋለች፣ ተመልሶ ይወርዳል። ጋሽ ሜትር ትኩሳቱ እያንዘፈዘፈውም ቢሆን ይህን አየ። ልብስ ሰፊ ሊሞት ሲያጣጥር እንኳ እጅጌ አያመልጠውም።

ሲስተር ቁስሉን አጸዳች፣ በፋሻ ሸፈነች። መርፌውን ስታዘጋጅ ጋሽ ሜትር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"አባቴ፣ ከመርፌ ጋር ውለው እያደሩ መርፌ ይፈራሉ?"

"እስከዛሬ ጫፉ ወደ ሌላ ነበር የሚዞረው፣ ልጄ።"

ከወጋችው በኋላ ከኪሷ ሰማያዊ እስክሪብቶ አውጥታ የቅላቱን ዳር እየተከተለች ክንዱ ላይ መስመር አሰመረች።

"ይህን ልብ ይበሉ። ቅላቱ ከመስመሩ ውስጥ ከቆየ መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ኪኒኑን ሳያቋርጡ ይውጡና እሑድ ይመለሱ። መስመሩን ካለፈ ግን ጀርሙ እየቀደመን ነው፤ አንድ ሰዓት እንኳ እንዳይጠብቁ። ዘግይተው መጥተው ጣታቸውን ያጡ ሰዎች አሉ።" ወደ ሚስቱ ዞረች። "እናቴ፣ እጁ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ንጽሕናውም ይጠበቅ።"

ያቺን የመጨረሻዋን ባትናገር ምን ነበረበት። ንጽሕና የምትል ቃል እትዬ ሳሙና ጆሮ ስትደርስ የቀረውን ሁሉ ገፍትራ ነው የምትገባው።

ዓርብ ጠዋት ጋሽ ሜትር ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ፣ ክንዱን ሁለት ትራስ ላይ እንደሰቀለ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ሚስቱ ሞቅ ያለ ውኃ በሳህን፣ አዲስ ሳሙናና አዲስ ፎጣ ይዛ አጠገቡ ተንበረከከች። ፋሻውን ሳትነካ፣ እንዳትቀሰቅሰው እየተጠነቀቀች፣ ከትከሻው ጀምራ ወደ ታች አጠበችው። አራስ ልጅ የምታጥብ ነበር የምትመስለው። በፎጣው ስታደርቀው ፎጣው ላይ ሰማያዊ ነገር አየች። ፎጣውን አየች፣ ክንዱን አየች። መስመሩ የለም።

"እጄን በእጄ" አለች በሹክሹክታ።

ልትቀሰቅሰው አሰበች። ቁጣውን ፈርታ አይደለም፣ ቁጣ አያውቅም። የፈራችው ወሬውን ነው። ያቺ ሳሙና የሚሏት ሴት የባሏን እጅ በሳሙና አጠፋችው ሲባል ታያት። ኀፍረት ደግሞ ሰውን ያጣድፋል። ከስፌት መኪናው መሳቢያ ሰማያዊ እስክሪብቶ አወጣችና አሁን ቅላቱ ያለቀበትን ዳር ተከትላ አሰመረች። መቼም ትናንትም መስመሩ የነበረው ቅላቱ ካለቀበት ነው፣ አለች ለራሷ። ልቧ ግን የትናንቱ ከዚህ ወረድ ያለ እንደነበር ያውቃል። ልብ እንዲህ ነው፤ ሲጠይቁት ዝም ይላል፣ ሲተዉት ይለፈልፋል።

ጋሽ ሜትር ምሳ ሰዓት ላይ ነቃ። ማስታገሻው ትኩሳቱን አብርዶለታል። መጀመሪያ ያየው ክንዱን ነው።

"ተመልከቺልኝ፣ አንዲት ፀጉር አላለፈም። ተመስገን ነው።" በግራ እጁ እጇን ያዘ። "እኔ እኮ ሞኝ ነኝ። ደብቄው ነበር። ያንቺ ዓይን ነው ያተረፈኝ።"

ምስጋናው እንደ እሳት ለበለባት። እሱ ሾርባውን ጠጥቶ ዳቦ ጨመረ፤ እሷ የራሷን ሳትቀምስ ሳህኑን አነሳች። እስከ እሑድ ተኝቶ እንደሚውል፣ ሰኞ መኪናው ላይ እንደሚቀመጥ ነገራት። ጓዳ ገብታ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። አንዱን ብርጭቆ ሦስት ጊዜ አጠበችው። ዓይንን በጨው ታጥቦ ሰው መዋሸት ይቻላል፤ ቁስል ግን አይዋሽም። ቅላቱ መስመሩን ካለፈ አልፏል፣ ይህን የምታውቀው ደግሞ በዓለም ላይ እሷ ብቻ ናት። ዝም ካለች እስከ እሑድ ሁለት ቀን አለ። በዚያ እጅ ቤታቸው ቆሟል፤ በዚያ እጅ ልጃቸው ተምሯል።

እጇን ሳታደርቅ ወጥታ ፊቱ ቆመች።

"ያ መስመር የሲስተር አይደለም።"

"የማን ነው ታዲያ?"

"የኔ ነው። ተኝተህ ሳጥብህ ያንን አጠፋሁት። ከዚያ እውነቱን እንደመንገር ሌላ አሰመርኩ። የድሮው የት እንደነበረ አላውቅም። ከዚህ ወረድ ያለ ይመስለኛል።"

ጋሽ ሜትር ክንዱን አየ። እሷን አየ። ደግሞ ክንዱን አየ።

"ደብተሩን አምጪው" አለ።

ትኩሳቱ ራሱ ላይ የወጣ መሰላት። "የምን ደብተር?"

"የልኬቱን ነዋ።"

አመጣችው። የአስተማሪው ሱሪ ከተጻፈበት ቀጥሎ ባለው ገጽ፣ ገና ፊደል የሚቆጥር ልጅ የጻፈው በሚመስል በተንጋደደ የግራ እጅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፤ "ቀኝ ክንድ። ከአንጓ እስከ ሲስተር መስመር፣ 7 ሴንቲ ሜትር።"

"መቼ ነው የለካኸው?"

"ትናንት፣ መድኃኒቱን ልትገዢ ስትሄጂ። ዝም ብዬ ከምቀመጥ ብዬ ነው።"

ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ አመሉ ስትስቅበት ኖራለች። ዛሬ ሜትሩን ከአንገቱ ያወረደችው ራሷ ናት። እሷ ጫፉን አንጓው ላይ ያዘች፣ እሱ አነበበ።

"አሥር ሊሞላ ነው።"

እስከ እሑድ እተኛለሁ ያለው ሰውዬ ብድግ አለ። ጫማውን ያጠለቀችለት እሷ ናት፤ ግራና ቀኙን አቀያይራ መንገድ ላይ ነው ያወቁት።

ሲስተርን እንዳዩ ጋሽ ሜትር አፉን ሲከፍት እሷ ቀደመችው። "መስመሩን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ይባስ ብዬ በውሸት አሰመርኩ። ትናንት ሰባት ነበር፣ አሁን አሥር ሊሞላ ነው። እሱን አትቆጪው፣ እሱ ምንም አላደረገም።" ደብተሩን ከፍታ ዘረጋችላት።

ሲስተር ቁጥሩን አንብባ ዞር ብላ ሐኪሙን ጠራች። ሐኪሙ ጣቱን አደንዝዞ ከፈተው፤ ውስጥ ለውስጥ የቋጠረው መግል ወጣ። መድኃኒቱ ተለወጠ፣ በደም ሥሩ የሚሰጥ ሆነ፤ ሦስት ቀን አልጋ ያዘ። እትዬ ሳሙና ኮሪደሩ ላይ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ምንም ነገር ለመጥረግ አልተነሳችም።

ሲስተር ወጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። "ጣቱ ይተርፋል፣ እናቴ። እሑድ ቢመጡ ኖሮ ግን ስለ ጣት ሳይሆን ስለ ክንድ ነበር የምናወራው።"

"ጉዱን የሠራሁት እኔ አይደለሁ እንዴ?"

"ቁስል የሚያስታምም ሰው ሁሉ ይሳሳታል። እኛም እንሳሳታለን። ፈጥኖ መጥቶ የሚናገር ነው የሚጠፋው።" ከዚያ ትንሽ ፈገግ አለች። "ሳሙናውን ለእጅዎ ያድርጉት፣ ቁስሉን ሳይነኩ በፊትና ነክተው ሲጨርሱ። መስመሬን ግን ይተዉልኝ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲስተር መስመር ስታሰምር ሰዓቱንና ልኩን አብራ ትጽፋለች። ጋሽ ሜትርም በየጠዋቱ ሚስቱን ሜትር እያስያዘ ለካ፤ ዘጠኝ፣ ስድስት፣ ሦስት ተኩል። ጨርቅ አነሰኝ እያለ ሲያማርር የኖረ ሰው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ልኬት ሲያንስ ደስ አለው።

ከሰባት ሳምንት በኋላ መኪናው ላይ ተቀመጠ። ጣቱ ትንሽ ይገትራል፣ ግን ይታጠፋል። የመጀመሪያ ሥራው አንድ ነጭ ጨርቅ ነበር።

"ለሲስተር ጋዋን ልስፋላት ነው። ቁመታችሁ አንድ ነው፤ ነይ ቁሚልኝ።"

ቆመች። ትከሻዋን፣ ደረቷን፣ ወገቧን፣ ቁመቷን ለካ። ይህን ሁሉ ዓመት የልብስ ሰፊ ሚስት ሆና የደንበኛ ትርፍራፊ ጨርቅ ስትለብስ ኖራለች፤ ሜትር ገላዋን ሲነካው የመጀመሪያው ነው፣ እሱም ለሌላ ሴት። ቅር አላት፣ ወዲያው ደግሞ በራሷ አፈረች። እጁ ተርፎ መለካቱ ይበቃኛል አለች፤ ከልቧም ነበር።

ጋዋኑ እጅጌው ከክርን በላይ የሚቀር ነው። ይዘውላት ሄዱ።

"ስጦታ መቀበል አይፈቀድልኝም" አለች ሲስተር።

"የጤና ጣቢያው ይሁን፤ ተረኛ የሆነው ይልበሰው" አለች እትዬ ሳሙና። "ብቻ ዛሬ አንቺ ልበሽውና እጅሽን ስትታጠቢ ልይሽ።"

ሲስተር ለብሳ ቧንቧውን ከፈተች። የጣቶቿን መሐል፣ ጥፍሮቿን፣ አንጓዋን፣ እስከ ክርኗ አሸች። ምንም አልወረደም፣ ምንም አልረጠበም። እትዬ ሳሙና መታጠቡ እስኪያልቅ ቆማ አየች፤ እንዲህ ያለ መታጠብ አይታ አትጠግብም። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ" አለች። "እጁን ሰጠሽኝ።"

"እኔ መስመር ነው የሰጠሁት" አለች ሲስተር።

ቤት ሲገቡ ጋሽ ሜትር ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ከፈተና ወደ መኪናው ሄደ። ክንዱ ከተጻፈበት ገጽ ቀጥሎ፣ በቀኝ እጅ፣ ቀጥ ባለ ጽሕፈት፣ ሰሞኑን የለካት ልክ ሁሉ ሰፍሯል። ከላይ "ሳሙናዬ፣ ሙሉ ቀሚስ" ይላል።

"ይሄ የሲስተር አይደል እንዴ?"

"የሲስተርን ልክ ገና የመጀመሪያው ቀን በዓይኔ ይዤዋለሁ።" ከመሳቢያው የወይራ ፍሬ ቀለም ያለው፣ ከየትኛውም ደንበኛ ያልተረፈ ጨርቅ አወጣ። "ያን ቀን ዝም ብለሽኝ ቢሆን ይህን ለመቁረጥ መቀስ የሚይዝ ጣት አልነበረኝም። በዓለም ላይ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ፣ ነገርሽኝ።"

ጨርቁን ልትዳስስ እጇን ዘረጋች።

"መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ" አላት።

በሕይወቷ ይህን ያላት ሰው ኖሮ አያውቅም። እየሳቀች ወደ ቧንቧው ሄደች፤ ፊቷንም አብራ መታጠብ ስለነበረባት ትንሽ ቆየች።