አሥራ ሰባተኛው ዙር

አቶ ውብሸት ማክሰኞ ከምሳ በኋላ በጠረጴዛ ዳንቴል ቀዳዳ ገብተው ቀሩ። ቀዳዳው ከመሀለኛዋ ጽጌረዳ በስተግራ ሦስተኛው ነው፤ ስፋቱ አንድ ሽምብራ ያሳልፋል። ነጠላ ጫማቸው ጠረጴዛው ሥር ቀርቷል።

ሚስታቸው ወይዘሮ ፀዳለ በድሬዳዋ፣ ከዚራ ሠፈር፣ ሠላሳ ዓመት ዳንቴል ያስተማሩ ሴት ናቸው። ቤታቸው ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ የለም፤ ቴሌቪዥኑ፣ ሬዲዮው፣ የሶፋው ክንድ፣ የውሃ ጆጉ አፍ ሳይቀር ለብሷል። አቶ ውብሸት ደግሞ የባቡር ጡረተኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፉርጎ ሲቆጥሩ ኖረው፣ ቤት መዋል ሲጀምሩ ሥራቸው ሚስታቸውን መተንኮስ ሆነ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ቀዳዳ ስትሠሪ ኖርሽ» ይላሉ። ያን ዕለትም ይህንኑ ብለው፣ ለማሳየት ሌባ ጣታቸውን ቀዳዳው ውስጥ ከተቱ። ጣቱ ገባ፤ ክንዱም ተከተለ። «ፀዱ፣ ይሄ ነገር ይስባል እኮ» አሉ። ከዚያ ትከሻቸው ገባ፤ የቀረውም ገባ።

ወይዘሮ ፀዳለ ጠረጴዛው ሥር አዩ። ዳንቴሉንም አንስተው ጀርባውን አዩ። ከዚያ ቁጭ ብለው አለቀሱ፤ ምክንያቱም ቀዳዳውን ያውቁታል።

ዳንቴሉን ሲሠሩ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ አሥራ ሰባተኛው ዙር ላይ ባላቸው ከመኝታ ቤት «መነጽሬን አይተሻል?» ብለው ጠሯቸው። መነጽሩን ከሰውየው ግንባር ላይ አግኝተው ሲመለሱ ሁለት ጥልፍ ዘለሉ። ስህተቱን ያዩት ሃያኛው ዙር ላይ ነው። የሠራችው ተማሪ ብትሆን ኖሮ «ፍቺው!» ብለው ይጮኹባት ነበር። እሳቸው ግን ቀጣዩ ዙር ላይ ሁለት ጥልፍ ጨመሩና ሸፈኑት።

ሐሙስ ሐሙስ የሠፈሩ ሴቶች በወይዘሮ ፀዳለ በረንዳ ላይ ይሰበሰባሉ። ልማዳቸው ነው፤ እያንዳንዷ ሥራዋን ከጎኗ ለተቀመጠችው ሰጥታ ታስቆጥራለች። የወይዘሮ ፀዳለን ሥራ ግን ማንም ቆጥሮት አያውቅም። መምህርቷ ናቸዋ! ቆጠራው እሳቸው ጋ ሲደርስ ዳንቴላቸውን አጥፈው ጉያቸው ውስጥ ያደርጉታል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ አለፈ።

ረቡዕ ጠዋት ጆሯቸውን ወደ ቀዳዳው አስጠጉ።

«ውብሸት፣ አለህ?»

«አለሁ።»

«እዚያ ምን አለ?»

«ነጭ ሜዳ ነው። ሙቀት የለውም፣ ደስ ይላል። ግን ወለሉ እየሳሳ ነው ፀዱ። ትናንት የቆምኩበት ቦታ ዛሬ የለም።»

ወይዘሮ ፀዳለ ቀዳዳውን ቀረብ ብለው አዩት። የተዘለለ ጥልፍ አርፎ አይቀመጥም፤ ከጎኑ ያለውን እየለቀቀ ይሄዳል። ትናንት ሽምብራ ያሳልፍ የነበረው ቀዳዳ ዛሬ ባቄላ ያሳልፋል። ሲሰፋ ሰው ይወጣበታል ብሎ የሚያስብ ሰው ዳንቴል ሠርቶ አያውቅም። ቀዳዳ ሲሰፋ የሚያልቀው ዙሪያው ነው፤ አቶ ውብሸት ደግሞ የቆሙት ዙሪያው ላይ ነው።

ሐሙስ ሴቶቹ መጡ። ወይዘሮ ፀዳለ ዳንቴሉን ጉያቸው ውስጥ አላደረጉም። ከጎናቸው ለተቀመጠችው ለዘርፌ፣ ከተማሪዎቻቸው ሁሉ አዲሷ ለሆነችው፣ ዘረጉላት።

«ቁጠሪልኝ።»

ሴቶቹ ሥራቸውን አስቀመጡ። ዘርፌ ተነስታ እጇን በሳሙና ታጠበች፤ ነጭ ክር በላብ እጅ አይነካም ብለው ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ከመሀል ጀምራ ቆጠረች።

«እትዬ፣ አሥራ ሰባተኛው ላይ ሁለት ይጎድላል።»

«አውቃለሁ። ውብሸት እዚያ ገብቷል።»

ዘርፌ ዳንቴሉን ወደ ብርሃን ከፍ አደረገችው። «ጋሽ ውብሸት፣ ደህና ዋሉ?»

«ደህና ዋልሽ ዘርፍዬ» አለ ቀዳዳው።

«ታዲያ መፍታት ነዋ» አለች ዘርፌ።

ዳንቴሉ አርባ አንድ ዙር ነው። ሁለቱን ጥልፍ ከላይ ቢሞሏቸው ቀዳዳው ይዘጋል፤ ሰውየውም ውስጥ ይቀራሉ። ከአሥራ ሰባተኛው አንድ ዙር አልፈው ቢፈቱ ደግሞ አቶ ውብሸት መቆሚያ ያጣሉ። ስለዚህ ሴቶቹ ወንበር አቀራረቡ፤ ዘርፌ ጮክ ብላ ቆጠረች፣ ወይዘሮ ፀዳለ ፈቱ። መምህርቲቱ ሠላሳ ዓመት ሲሰጡት የኖሩት ምክር ሁሉ ዞሮ ወደ እሳቸው መጣ።

«እትዬ፣ ወደ ላይ አይሳቡት፣ ወደ ጎን ይልቀቁት።»

«የተፈታውን ወዲያው ይጠቅልሉት፣ ይወሳሰባል።»

«እጅዎን ዘና ያድርጉ። ክሩ ጠበቀ።»

ወይዘሮ ፀዳለ አፈሩ። ሃያ አራት ዙር እስኪፈታ ድረስ አፈሩ፤ መጨረሻው ላይ ግን ደረታቸው ቀለል ብሏቸው ነበር።

አሥራ ሰባተኛው ዙር ላይ ቆሙ። የክሩን ጫፍ በቀዳዳው ወደ ታች ላኩ።

«ውብሸት፣ ሁለቱን ጥልፍ አንተ ነህ የምትሠራቸው። ከታች የሠራ ሰው ከሥራው ጋር ይወጣል።»

«እኔ? በምን እጄ?»

«ክሩን ሌባ ጣትህ ላይ ጠምጥም። ቀለበት አድርግ። በቀለበቱ ውስጥ ሌላ ቀለበት አውጣ።»

«ቀዳዳ ልሥራ ነው የምትይኝ?»

«ቀዳዳውን ተወው። ዙሪያውን ሥራ።»

ብዙ ቆየ። ከዚያ አንድ ጥልፍ ብቅ አለ፤ ጠማማ፣ ከመጠን በላይ የጠበቀ፣ የጀማሪ ጥልፍ። ወይዘሮ ፀዳለ አፋቸው ላይ የመጣውን «ፍታው» ዋጡት።

«አንድ» አለች ዘርፌ።

ከጥልፉ ጋር እጅ ወጣ፣ እስከ አንጓው። ክሩ ሌባ ጣቱ ላይ በትክክል ተጠምጥሟል። እጁ አየሩን ዳበሰና የወይዘሮ ፀዳለን መዳፍ አግኝቶ ጨበጠ። ወይዘሮ ፀዳለ ኪሮሻቸውን፣ ሠላሳ ዓመት ለማንም ያላዋሱትን መርፌ፣ አስጨበጡት። እጁ ኪሮሹን ይዞ ተመልሶ ገባ።

የክሩ ኳስ በወይዘሮ ፀዳለ ጭን ላይ ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ። ከታች አቶ ውብሸት፣ ፉርጎ እንደሚቆጥሩበት ድምፅ፣ «ሁለት... ሁለት...» ይላሉ። ሴቶቹ አንድ ሰው የሚያስቆም ያህል ቦታ ለመልቀቅ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። ዘርፌ ነጠላ ጫማውን ከቤት አምጥታ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

ገና ማንም ሳይገባበት፣ የጫማው ተረከዝ ሰው የቆመበት ያህል ዝቅ አለ።