ያልሰገደችው ስድስት ጎራሽ

ጋሽ ኤርዊን ኩቢክ የጦር መሣሪያ ሱቄ ሲገቡ ቀኝ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ወሽቀው ነበር። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ያለ ሥራ የቆመ እጅ ግን አይቼባቸው አላውቅም። አንድ ነገር እንደደበቁ ወዲያው ገባኝ። ባለቤታቸው እትዬ አርዲስ ከኋላቸው ገቡና ሰላም እንኳ ሳይሉኝ፣

«ጌይል፣ እጁን እንዲያሳይሽ ንገሪው» አሉኝ።

«ምንም አልሆንኩም» አሉ ጋሽ ኤርዊን።

«ምንም ካልሆንክ ለምን በግራህ ትበላለህ?»

እጃቸው ወጣ። በአውራ ጣታቸውና በጠቋሚ ጣታቸው መካከል ያለው ሥጋ ጠቁሮ አብጧል። ከዚያ በግራ እጃቸው አንዲት ሽጉጥ ባንኮኒዬ ላይ አስቀመጡ፤ ትንሽ፣ አብረቅራቂ፣ ብታነሷት የሌለች የምትመስል አምስት ጥይት ጎራሽ። የልጃቸው ባል ነው በስጦታ የሰጣቸው። ለሽማግሌ ቀላል ይሻላል ብሎ።

ይህ ስህተት በዓመት አሥር ጊዜ በሱቄ በር ይገባል፤ በገባ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሰው እናቱን ይወድና ከሁሉ የቀለለችውን፣ ከሁሉ ያነሰችውን ይገዛላታል። የሽጉጥ ነገር ግን ተቃራኒው ነው። ጥይቱ ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመታውን ርግጫ የሚውጠው የብረቱ ክብደት ነው፤ ብረቱ ሲቀል ርግጫው ሳይጎድል ተኳሹ እጅ ላይ ያርፋል። አባቴ ሱቁን ሲያወርሰኝ መጀመሪያ የነገረኝ ይህንን ነው።

ሌላ ጊዜ ቢመጡ ኖሮ ስቄ ባለፍኩት። ግን ከአንድ ቀን በፊት ዱዌይን መጥቶ ነበር። ዱዌይን የከተማችን የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎች አለቃ ነው። በየዓመቱ ስንዴው ተዘርቶ ሲያበቃ እሳት አጥፊዎቹ የኢላማ ውድድር ያዘጋጃሉ፤ ሽልማቱ የአሳማ ጭን ነው። ውድድሩን ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የከፈቱት ጋሽ ኤርዊን ናቸው። ከእትዬ አርዲስ ዛፍ አንድ ፖም ይቀጠፋል፣ በአፈር ክምሩ ፊት እንጨት ላይ በሚስማር ይሰካል፣ ጋሽ ኤርዊን ከአሥራ አምስት እርምጃ ይመቱታል፣ ሕዝቡ ይጮኻል፣ ቀኑ ተከፈተ ማለት ነው። አምና ግን በዚያ አርባ አራት በሚባለው ትልቅ ሽጉጣቸው ሦስት ጊዜ ተኩሰው ሦስቴም ሳቱ። ማንም አልሳቀም። የከፋውም እሱ ነው።

«ዘንድሮ የክብር ወንበር እናዘጋጅላቸው» አለኝ ዱዌይን። «እጃቸው ይደነግጣል። እኔ ያን ሁሉ ሰው ፊት የሚደነግጥ እጅ አላቆምም። አንቺ ብቁ ናቸው ካልሽኝ ይክፈቱ፤ ካላልሽኝ ይቀመጡ።»

ዱዌይንን ልሰድበው ፈለግሁ፤ ግን እውነቱን ነበር።

«ወንበር ሊያዘጋጁልኝ ነው አሉ» አሉ ጋሽ ኤርዊን አሁን፣ ያበጠ እጃቸውን እያሻሹ። «የክብር ወንበር! ከዚያ ቀጥሎ ያለው የሬሳ ሳጥኑ ነው።»

«ይምጡ፣ ጓሮ እንውጣ» አልኳቸው።

ከሱቄ ጀርባ መተኮሻ አለኝ። አንዱን መካከለኛ ሽጉጥ አነሳሁና ሳያዩኝ አጎረስኩት፦ አራት ጥይት፣ ሁለት ባዶ ቀለህ። ባዶዎቹ እንዳይምታቱብኝ መቀመጫቸውን በጥፍር ቀለም ቀይ ቀብቼአቸዋለሁ። ባዶው የትኛው ቦታ እንደሆነ ተኳሹ አያውቅም። መቺው ባዶው ላይ ሲወርድ ተኩስ የለም፤ እጁ ርግጫውን ፈርቶ አስቀድሞ የሚሠራው ብቻ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ጋሽ ኤርዊን ተኮሱ። የመጀመሪያው ጮኸ። ሁለተኛው፣ ቀጭ። አፈሙዙ መሬት እስኪደርስ ሰገደ።



«ኤርዊን» አሉ እትዬ አርዲስ፣ «ምን ወደቀብህ?»

ጋሽ ኤርዊን ሽጉጡን ቀስ ብለው አስቀመጡና ዞረው አዩኝ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር።

«አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆንሽ ይህንን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ» አሉኝ። «ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ።»

«አዎ ጋሽ ኤርዊን።»

«አፍሬ ነበር እኮ። ፖሙን ስለሳትኩ አይደለም። ገና ሳልተኩስ እንደምፈራ ስለማውቅ።»

 ማልቀስ ለሽጉጥ ምርጫ አይረዳምና ወደ ውስጥ ገብቼ ሦስት ይዤ ወጣሁ። የአንደኛው ጥይት እንደ ምስር ፍሬ ደቃቃ ነው፤ አይረግጥም፣ መቺውን ወደ ኋላ መሳብ ግን ቁርጥማት ለያዘው ጣታቸው ከበደ። ሁለተኛው ደህና ነበር፤ እጀታው ቀጭን ሆኖ ቁስሉን ነካባቸው። ሦስተኛዋን እትዬ አርዲስ ናቸው ከእጄ የነጠቁኝ። አሮጌ፣ ሙሉ ብረት፣ ሠላሳ ሁለት የሚባለውን ለስላሳ ጥይት የምትጎርስ ትንሽ ስድስት ጎራሽ። የድሮ ባለቤቷ ወፍራም የጎማ እጀታ አስገብቶላታል።

«ይቺ ትከብዳለች» አሉ በእጃቸው እየመዘኑ። «ይቺ ናት።»

«ይቺ?» አሉ ጋሽ ኤርዊን። «ይቺ የአክስቴ ቦርሳ ውስጥ የምትቀመጥ ናት! ሰው ምን ይለኛል?»

«ወንበር ላይ ስትቀመጥስ ምን ይልሃል?»

በልኳ ካለኝ ሁለት ቀይ ቀለህ ቀላቅዬ አጎረስኳትና ተቀበሏት። መቺውን በግራ አውራ ጣታቸው ሳቡ፤ ላላ ብሎ መጣላቸው። ተኮሱ። እጃቸው ትንሽ ከፍ ብላ ተመለሰች። ቅንድባቸው ተነሳ። ደገሙ። ሦስተኛው ላይ ቀጭ አለ፤ አፈሙዙ ዝቅ አለ፣ ግን ግማሹን ያህል ብቻ። አራተኛው ጮኸ። አምስተኛው ላይ እንደገና ቀጭ። አፈሙዙ ቆመ። ዝም ብሎ ቆመ።

«አየሽ?» አሉ በሹክሹክታ። «አየሽልኝ?»

ከዚያ ሽጉጡን አስቀምጠው ሚስታቸውን ወገባቸውን ይዘው ጓሮዬን አንድ ዙር አስጨፈሯቸው። እትዬ አርዲስ «ወገቤን! አንተ ሽማግሌ፣ ወገቤን!» እያሉ ይስቃሉ።

ለልምምድ ሁለቱን ቀይ ቀለሆች አብሬ ሰጠኋቸው። ጥይቱን የሚያጎርሱት እትዬ አርዲስ እንዲሆኑ ተስማማን፤ የጋሽ ኤርዊን ጣት ደቃቅ ነገር አይለቅምም። ዱዌይንን «ይተኩሳሉ» አልኩት። «በአንቺ ኃላፊነት» አለኝ። በእኔ ኃላፊነት።

ቅዳሜ ደረሰ። ከተማው በሙሉ መጥቷል፤ ቡና በትልልቅ ጋን፣ ኮላቼ የሚባለው የማርማላታ ዳቦ በትሪ፣ ልጆች በአባቶቻቸው ትከሻ ላይ። ጋሽ ኤርዊን ሽጉጧን ሲያወጡ ከኋላ አንዱ ጮኸ፦

«ጋሽ ኤርዊን! ሽጉጧ ስታድግ ምን ልትሆን ነው?»

«አንተ እስክታድግ ሃምሳ ዓመት ጠበቅንህ» አሉት ሳይዞሩ። «እሷ ትቀድምሃለች።»

ሕዝቡ ሳቀ። ሁላችንም የጆሮ መከላከያችንን አደረግን። ፖሙ ቀይ ሆኖ ሚስማሩ ላይ ቆሟል። ጋሽ ኤርዊን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ መቺውን ሳቡ፣ ምላጩን ነኩ።

ቀጭ።

 ከጎኔ ያለው ዱዌይን ትንፋሹን ሲውጥ አየሁት። አልጮኸችም። ግን አልሰገደችም! አፈሙዙ ፖሙን እያየ ነው።

አንድ ጥይት ሳይፈነዳ ሲቀር ዘግይቶ ሊፈነዳ ስለሚችል ሠላሳ ሰከንድ ወደ ኢላማው አቅንቶ መጠበቅ የሜዳው ሕግ ነው። ጋሽ ኤርዊን ጠበቁ። ከንፈሬን ነክሼ ቆጠርኩ። አሥር። አሥራ አምስት።  ሃያ አምስት። ያ አምና የደነገጠው እጅ፣ ያ ያበጠው እጅ፣ ሁለት መቶ ሰው እያየው እንደ አጥር ምሰሶ ቆመ። ሠላሳ። ግራ አውራ ጣታቸው መቺውን ሳበ።

ተኮሱ። ፖሙ ተበተነ፤ ጭማቂው ፀሐይ ላይ አብረቀረቀ። ጩኸቱ የጆሮ መከላከያዬን አልፎ ገባ። እኔም ጮኽኩ፤ ድምፄ እስኪዘጋ።

«አፈሙዙን አየሽው?» ዱዌይን ትከሻዬን ይወዘውዘኛል። «ውልፍት አላለም እኮ! ለከርሞም እሳቸው ናቸው፣ ለከርሞም!»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እትዬ አርዲስ ሽጉጧን ተቀብለው ጠረጴዛው ጋ ሲያራግፉ ላግዛቸው ሄድኩ። መዳፋቸው ላይ ያልተተኮሱት አራት ጥይቶችና ሁለት ቀለሆች አሉ። የአንደኛው ቀለህ መቀመጫ ቀይ ነው።

«እትዬ አርዲስ! የልምምዱን ረስተው...»

«እኔ ረስቼ አላውቅም» አሉኝ። ቀዩን ቀለህ መርጠው ካፖርታቸው ኪስ ከተቱት። «ፖሙን ብቻ ቢመታ ዕድል ነው ይሉት ነበር። አሁን ምን ይሉታል?»

«ቢሰግድስ ኖሮ?»

«ሃምሳ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬ እጁን አላውቀውም?»

ጋሽ ኤርዊን ኮላቼ እያላመጡ፣ ፂማቸው በማርማላታ ተለውሶ፣ ከሰው መሐል ወጥተው መጡ። ፊታቸው የልጅ ፊት ሆኗል።

«ጌይል! የሸጥሽልኝ ጥይት አንዱ እርጉም ነበር! ሕዝብ ፊት ልታዋርጂኝ ነው?»

እትዬ አርዲስን አየኋቸው። የዛፋቸውን ፖም የሚቆጥሩ ይመስል ሰማዩን ያያሉ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጋሽ ኤርዊን» አልኩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ከኪሴ አንድ ጥይት አውጥቼ ካስኳቸው። ጥፋት ተሸክሜ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።